አሮጌው ኮምፒውተር፦ ዊንዶውሱ ይቀየር ወይስ ባለበት ይቆይ?

ሜክሲኮም ሆነ ፒያሳ፣ የዘገየ ኮምፒውተር ይዞ ጥገና ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ፎርማት ይደረግና አዲሱ ዊንዶውስ ይጫንበት።» ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደህና ይሠራ የነበረ ማሽን ፕሪንተሩን አላውቅም ብሎ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልከፈት ብሎ፣ በዚያ ላይ ክራክ የተደረገ (ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ) ዊንዶውስ ተሸክሞ የሚመለስበት ጊዜም አለ። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ ከ7 ወደ 10 ወይም ወደ 11 ከፍ ይላል፤ ደህንነቱ ግን ካለበት ፈቅ አይልም።

ለውሳኔው ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ በየወሩ የደህንነት አፕዴት ይደርሰዋል ወይ? ሁለተኛ፣ ምን ይሠራበታል፦ ባንክ፣ ኢሜይል፣ ግብር፣ የደንበኛ ፍላሽ ወይስ ኢንተርኔት የማይነካ ተራ ጽሑፍ? የዊንዶውሱ ቁጥርም የማሽኑ ዕድሜም የሚታዩት ከእነዚህ በኋላ ነው።

አፕዴት ማድረግና አለማድረግ ምን ያህል እንደሚለያይ በ2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው መጋቢት 5 ቀን ነበር፤ ቫይረሱ ዓለምን ያዳረሰው ግንቦት 4 ቀን፣ ሁለት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው። ከተጠቁት ውስጥ አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያኔ ገና ድጋፉ አላበቃም። አፕዴቱ ነበረ፣ የጫነው ግን አልነበረም። ቫይረሱ ማንም ምንም ሳይከፍት በፋይል ማጋሪያው በር፣ በፖርት 445፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልቅ ስለነበር በአንድ ስዊች ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች አንዱ ሲያዝ አፕዴት ያልተደረጉት ሁሉ ይከተሉት ነበር። ድጋፉ ባበቃ ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ይብሳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አፕዴት ባወጣ ቁጥር አጥቂዎች አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አነጻጽረው ቀዳዳው የት እንደነበረ ይደርሱበታል፤ ያው ኮድ በዊንዶውስ 10 ውስጥም ካለ እዚያ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

መጀመሪያ ያለዎትን ይወቁ

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር አብረው ይጫኑ፤ በምትመጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደብሊው-አይ-ኤን-ቪ-ኢ-አር ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። የዊንዶውሱ ስምና እትም ይወጣል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ 22ኤች2 ማለት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ለረጅም ጊዜ የረሳው ሰው አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ በሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን ከፍተው «አፕዴት ሂስትሪ» የሚለውን ይዩ። ወርኃዊው አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ጤነኛ ማሽን ላይ ዝርዝሩ ወር በወር ተደርድሮ ይታያል። ባዶ ከሆነ ወይም የመጨረሻው ቀን ዓመት ካለፈው፣ ዊንዶውሱ ምንም ቁጥር ይኑረው ድጋፉ እንዳበቃ ማሽን ይቁጠሩት።

ድጋፉ ያበቃባቸው ቀኖች እነዚህ ናቸው። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 8.1 ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 7 እና 8.1 ላይ ከዊንዶውሱ ይልቅ ቀድሞ የሚያስፈራው ብሮውዘሩ ነው፦ ጉግል ክሮም በ2015 ዓ.ም. ከቁጥር 109 በኋላ ሁለቱንም ትቷቸዋል። በየቀኑ የማናውቀውን ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም እዚያ ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ የዲፌንደር (የዊንዶውሱ የራሱ ጸረ ቫይረስ) የቫይረስ ዝርዝርም ኤጅ ብሮውዘርም እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2028 መታደሳቸው ይቀጥላል። ይህ ሲባል የሰማ «እንግዲያው ችግር የለም» ይላል፤ ሁለቱም ግን የዊንዶውሱን የራሱን ቀዳዳ አይደፍኑም።

ክራኩ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በከተማችን ትልቁ ጉዳይ ይህ ነውና። በርካታ ማሽኖች ላይ ያለው ዊንዶውስ የሚሠራው በአክቲቬተር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በሚያስከፍተው የክራክ ፕሮግራም ነው። አክቲቬተሩ ሲጫን ጫኚው መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን ያጠፋል፤ ካላጠፋው ስለሚይዘው። ከዚያ አክቲቬተሩ ያለበት ፎልደር እንዳይፈተሽ ትእዛዝ ይሰጣል። በመጨረሻም ዊንዶውስ አፕዴትን ይዘጋዋል፤ «አፕዴት ካደረገ ክራኩ ይጠፋል» በሚል ስጋት።

ክራክ መኖሩንና የተወውን በሦስት መንገድ በዐይንዎ ማየት ይችላሉ። የመጀመሪያው፦ በዚያችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ክፍት ቦታ፣ እዝባር (/)፣ ኤክስ-ፒ-አር ብለው ይጻፉ። ፈቃዱ ቋሚ ነው የሚል መልእክት ቢመጣ መልካም። በ180 ቀን ውስጥ የሚያልቅ ቀን ካሳየ ያ ለትልልቅ ድርጅቶች የተሠራው የኬኤምኤስ አሠራር ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ፈቃድ ከሌለው ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ክራክ ነው። ሁለተኛው፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ይክፈቱ፤ የቫይረስ መከላከያው ገጽ ላይ «ማኔጅ ሴቲንግስ» ብለው ይግቡና እስከ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይንኩ። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። የማያውቁት ፎልደር ካለ፣ ይባስ ብሎም ሲ ድራይቭ ሙሉውን ከተጻፈ፣ ጸረ ቫይረሱ አረንጓዴ ምልክቱን እያሳየ ምንም አያይም። ሦስተኛው፦ ሰርቪስስ በሚለው መስኮት ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴትን ፈልገው «ዲስኤብልድ» ከሆነ ሆን ተብሎ ተዘግቷል።

እንዲህ ያለ ማሽን ላይ አዲሱን ዊንዶውስ ደርቦ መጫን ዋጋ የለውም። ባክአፕ ይያዝና ዲስኩ ጠርቶ ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ፋይል ከባዶ ይጫን። ደግሞም ብዙ ጊዜ ክራኩ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ከዱባይ የሚገቡት ያገለገሉ ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው ከፋብሪካ ከወጡ የፈቃድ ቁልፋቸው ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ተቀምጧል። ሲጫን ቁልፍ ሲጠየቅ «የለኝም» የሚለውን ይምረጡ፤ እትሙን በፊት እንደነበረው፣ ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ ያድርጉት፤ ከኢንተርኔት ሲገናኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ቴክኒሻኑ ከልማድ ፕሮ ሲጭንና የማሽኑ ቁልፍ የሆም ሲሆን ነው ነገሩ ወደ ክራክ የሚሄደው።

ማን ይቀይር፣ ማን ይቆይ

ሒሳብ የሚሠራበት፣ የኢንተርኔት ባንክ የሚከፈትበት፣ ግብር በኢ-ታክስ የሚሳወቅበት ኮምፒውተር ድጋፉ ባበቃ ዊንዶውስ ላይ አንድ ወር እንኳ መቆየት የለበትም። ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የማይችል ከሆነ ሌላ ማሽን ይገዛ። የባንክ የይለፍ ቃል የሚጻፍበትን ኮምፒውተር ለማቆየት ሲባል የሚደረግ ብልሃት ሁሉ ለቁጠባ የሚገባ አይደለም።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ እንዳሉት ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ዓይነት ሥራ ላይ አደጋው የሚመጣው ከኢንተርኔት ይልቅ ከፍላሽ ነው። ሾርትካት ቫይረስን የማያውቅ ኮፒ ቤት የለም፦ የደንበኛው ፎልደሮች ይደበቁና በስማቸው ሾርትካት ይቀመጣል፤ ሲከፈት ፋይሉም ይመጣል፣ ቫይረሱም ይነሣል። ይህን አዲስ ዊንዶውስ ብቻውን አያስቆመውም፤ የሚከፍተው ሰው ነውና። የሚያስቆመው ዲፌንደሩ በርቶ፣ ታድሶና ኤክስክሉዥኑ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የደንበኛን ፍላሽ የሚቀበል አንድ ኮምፒውተር ለይቶ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም መጫን ነው፤ የዊንዶውሱ ሾርትካት እዚያ አይሠራም፣ የተደበቀውም ፎልደር ፊት ለፊት ይታያል። ፋይሉ ከዚያ ለሕትመት ይሄዳል። ወይም ደንበኛው በቴሌግራም ይላክ፤ አሁንም ብዙ ቦታ የሚደረገው ይኸው ነው።

የቤት ላፕቶፕ፣ የተማሪ ማሽን፣ ዩቲዩብና ዎርድ የሚከፈትበት ዊንዶውስ 10 ከሆነ ጊዜ መግዛት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደህንነት አፕዴቱን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አራዝሟል። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ የዶላር ካርድ ለሌለው ግን ነጻ መንገድ አለ። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 መሆን አለበት። በማይክሮሶፍት አካውንት፣ አስተዳዳሪ ሆነው ይግቡ፤ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ኢንሮል ናው» የሚል ማስፈንጠሪያ ሲመጣ ይንኩና የሴቲንግስ ባክአፕን ማብራት የሚለውን ይምረጡ። ማስፈንጠሪያው ካልታየ ያሉትን አፕዴቶች ጨርሰው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አብርተው እንደገና ይዩ። ዘግይቶ የተመዘገበም ያመለጡትን አፕዴቶች ያገኛል። ይህ የግል ተጠቃሚ ዕድል ነው፤ ለድርጅት የተለየ ክፍያ አለው፣ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። በዚያ ዋጋ አሮጌ ማሽን ማስታመም አያዋጣም።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ፣ 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው የቤት ማሽን ሊኑክስ ሚንት ይጫንበት፤ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ እትሙ ይሻላል። የሚንት 22 ድጋፍ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ነው። ከመጫንዎ በፊት ከፍላሽ አስነሥተው ይሞክሩት፤ ዲስኩ ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ያያሉ። አማርኛ ኪቦርድ ከነባር ምርጫዎቹ መካከል አለ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ መጻፍ የለመደ ደግሞ አይበስ የሚባለውን ከኤም17ኤን ጋር ጭኖ «ሴራ» የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ ዘዴ ይምረጥ። ፒችትሪ የሚሠራበትን ማሽን ግን ሊኑክስ ላድርገው ብለው አይድከሙ።

ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን ይችላል?

ማይክሮሶፍት የሚጠይቀው ሁለት ኮር ያለው 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ ዓይነት ባዮስ) ከሴኪውር ቡት ጋር እና ቲፒኤም 2.0 (ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል) ነው። አብዛኛውን ማሽን የሚጥለው ፕሮሰሰሩ ነው፦ በጥቅሉ ኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ፣ ኤኤምዲ ራይዘን ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ። ትውልዱ ከቁጥሩ ይነበባል። ኮር አይ5-7200ዩ 7ኛ ነው፣ አይ5-8250ዩ 8ኛ፣ አይ5-10210ዩ 10ኛ፤ ቁጥሩ በ1 ሲጀምር ሁለቱን አሃዞች አብረው ያንብቡ። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ 4ኛ ትውልድ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ ከሚለው ይልቅ ኮምፒውተሩ ራሱ ሴቲንግስ ውስጥ የሚያሳየውን ይመኑ።

ቲፒኤም ደግሞ ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው። በዚያችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቲ-ፒ-ኤም፣ ነጥብ፣ ኤም-ኤስ-ሲ ብለው ሲጽፉ «አልተገኘም» ካለ ባዮስ ገብተው በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ያብሩ። ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ ይህን ከመንካትዎ በፊት ቢትሎከሩን ለጊዜው ያቁሙት፤ አለበለዚያ ሲነሣ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም።

4 ጊጋ ራም በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ሥራ ላይ ክሮምና ዎርድ አብረው ሲከፈቱ ያንቀዋል። 8 ጊጋ ያድርጉት። ሲገዙ ዓይነቱን ይዩ፦ የ4ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ዲዲአር3ኤል ነው የሚወስደው፣ 8ኛው አብዛኛውን ጊዜ ዲዲአር4፤ አንዱ የሌላው ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። ከራሙም በላይ የሚለየው ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ራስን መቅጣት ነው፤ 256 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይግባበት።

ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የቲፒኤሙንና የፕሮሰሰሩን ምርመራ ዘሎ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ላይ 11ን መጫን ይቻላል። ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ቃል አልገባም፣ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትምም ራሱ አይመጣለትም። የሆምና የፕሮ እትም ደግሞ ዕድሜው 24 ወር ነው። በየዓመቱ አዲሱን ፋይል አውርዶ በእጁ የሚጭን ሰው ካለ፣ ለቤት ማሽን ግድ የለም። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያስታውስ አይኖርም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ አፕዴት የማይደርሰው ማሽን ይሆናል። ኮር 2 ዱኦ የዘመኑ ማሽኖች ጨርሶ አይሞክሩት፤ ከ24ኤች2 ወዲህ ፖፕካውንት የሚባል ትእዛዝ የሌለው ፕሮሰሰር ላይ 11 አይነሣም።

ከመጫን በፊት

«ፋይሌ ዲ ላይ ነው» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሲና ዲ በአብዛኛው የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው፤ ሲጫን ክፍሎቹ ሁሉ ከተሰረዙ ዲም አብሮ ይሄዳል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይሏል ይኼኔ ነው። ባክአፕ ማለት ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ ሁሉም ሰው ያስታውሳቸዋል፤ የሚረሱት ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር፣ ኢሜይሎቹ የተቀመጡበት የአውትሉክ ፒኤስቲ ፋይልና ብሮውዘሩ ያስታወሳቸው የይለፍ ቃሎች ናቸው።

የአማርኛ ሰነድ ያለው ሰው ሁለት ነገር ይጨምር። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶች ዩኒኮድ (ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል አቀማመጥ) ስላልሆኑ ፊደሉ ያለው በፎንቱ ውስጥ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ይሆናሉ። ከዊንዶውስ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ የግዕዝ ፎንቶቹን በሙሉ ቀድተው ያስቀምጡ። ሁለተኛው ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ አብሮ ይመጣ የነበረው ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ በተለይ የሚጨመር ሆኗል፤ በሌለበት ሰነዱ በኤብሪማ ይከፈትና መስመሩ ይለወጣል፣ በአንድ ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሻገራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይፈልጉና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ይጨምሩ።

ፒችትሪ ካለ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ከራሱ ከፋይል ሜኑ ባክአፕ ይውሰዱ፤ ፒቲቢ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ይወጣል። የኩባንያውንም ፎልደር ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሳለ ይቅዱ። የመጫኛው ፋይልና የሲሪያል ቁጥሩ በእጅዎ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ የጫነው ባለሙያ ይዞት የሄደ እንደሆነ አሁኑኑ ይደወልለት። ፒችትሪ ከሥሩ ፐርቫሲቭ የሚባል ዳታቤዝ አለው፤ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ ፒችትሪው ተጭኖ «ዳታውን ማግኘት አልቻልኩም» ሲል ብዙ ጊዜ ያልተነሣው ይኸው ነው። ዋናውን የሒሳብ ኮምፒውተር ከመንካትዎ በፊት በሌላ ማሽን ላይ ጭነው፣ ባክአፑን መልሰው፣ አንድ ሪፖርት አውጥተው ከአሮጌው ጋር ያመሳክሩ። ጊዜውም ይመረጥ፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል፣ የሒሳብ ክፍልን ኮምፒውተር መቀየር ጠብ መፈለግ ነው።

ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራ የነበረ የፕሪንተር ወይም የስካነር ድራይቨር አብሮ አይሻገርም፤ የ16 ቢት የድሮ ፕሮግራምም አይከፈትም። የፕሪንተሩን ሞዴል ቁጥር ይዘው አምራቹ ገጽ ላይ 64 ቢት ድራይቨር መኖሩን ሳያዩ አይጀምሩ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የተገናኘበት ኮምፒውተር ከሆነ የአገልግሎት ማዕከሉን ቀድመው ያነጋግሩ።

ሲጫን

የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ነው። አንድ ጊዜ ያውርዱትና በ8 ጊጋ ፍላሽ ለሁሉም ማሽን ያዳርሱት። ወርኃዊውን አፕዴትም ቢሮ ውስጥ አንዱ አውርዶ ሌሎቹ ከእሱ እንዲወስዱ ማድረግ ይቻላል፤ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚለውን በአካባቢው ኔትወርክ ላይ ላሉ ኮምፒውተሮች ብለው ያብሩት።

መብራት ነገር አይታመንም። ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ዩፒኤሱ ራሱ የሞተ ባትሪ ይዞ የሚጮህ ጌጥ እንዳይሆን ከሶኬት ነቅለው ቀድመው ይሞክሩት። ባትሪው አምስት ደቂቃ የማይቆይ ላፕቶፕም ዴስክቶፕ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ ሃርድ ዲስክ ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ማለዳ ይጀመር።

ጤነኛና ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ 10 ከሆነ ፎርማት አያስፈልግም። ከሌላ ድርጅት የመጣ ጸረ ቫይረስ ካለ ያራግፉት፤ ፕሪንተርና ትርፍ ፍላሽ ይነቀል፤ ሲ ላይ 30 ጊጋ ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ከፍላሹ ላይ ሴትአፕን ይክፈቱና ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን አቆይ የሚለውን ይምረጡ። ካልተስማማዎት በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግስ «ሪከቨሪ» ገብተው ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላሉ፤ በነዚያ ቀኖች ውስጥ ዲስክ ማጽጃ ፕሮግራም አያስነሡ፣ መመለሻውን ይሰርዘዋልና።

አሮጌ ማሽን ላይ የሚያጋጥመው ትልቁ እንቅፋት ዲስኩ በድሮው አከፋፈል፣ በኤምቢአር፣ በድሮው የባዮስ አነሣሥ (ሌጋሲ) መጫኑ ነው። ባዮስ ገብቶ ዝም ብሎ ወደ ዩኢኤፍአይ የቀየረ ሰው «የሚነሣ ዲስክ የለም» የሚል ጥቁር ገጽ ያገኛል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፦ መጀመሪያ ኤምቢአር2ጂፒቲ በሚባለው የዊንዶውስ 10 መሣሪያ ዲስኩ ይለወጣል፣ ባዮሱ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁሩ ገጽ ከመጣም አይደንግጡ፤ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ሲመልሱት ማሽኑ ይነሣል። «ሲስተም ሪዘርቭድ ፓርቲሽን» የሚል ስህተት ከመጣ 100 ሜጋ ያህል የሆነችው የማስነሻ ክፍል ሞልታለች ማለት ነው፤ ይህን ልምድ ላለው ሰው ይስጡት።

የማይቀየር ማሽን

የማስታወቂያ ቤት ፕሎተር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ብቻ የሚሠራ ማሽን አለ። ዊንዶውስ 7 ወይም ኤክስፒ ሆኖ ይቆይ፤ ግን ኮምፒውተር መሆኑ ይቅርና የመሣሪያው አካል ይሁን። የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል፣ ዋይፋዩ ከዲቫይስ ማኔጀር ይዘጋ፤ የይለፍ ቃሉን ማስረሳት ብቻ አይበቃም፣ የቸኮለ ሠራተኛ መልሶ ያስገባዋል። ብሮውዘሩ ከዴስክቶፕ ይነሣ፣ ሠራተኛው የሚገባበት አካውንት አስተዳዳሪ አይሁን። ሥራ የሚመጣበት ፍላሽ አንድ ይሁን፤ ቀለም ተቀብቶ ወይም ፕላስተር ተለጥፎበት ይለይ። አፕዴት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳይፈተሽ ወደዚህኛው አይሰካ። ኔትወርክ ላይ የግድ መዋል ካለበት ለብቻው በተለየ ራውተር ይሁን፣ የፋይል ማጋሪያው አሮጌ አሠራር ኤስኤምቢ1 ይዘጋ። የዲስኩም ሙሉ ቅጂ አንድ ጊዜ ተወስዶ ይቀመጥ፤ የዚህ ዓይነት ማሽን ዲስክ ሲሞት ፕሮግራሙን መልሶ የሚጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም።